ሰሙ ይነበብ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አዌቱ ደፍርሷል፣
ድልድዩን ስሻገር ጫማዬ ርሷል።
ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ከቤተ ሙከራው ደጅ
ቁጭ ብለዋል ጣሃ፣ የአባ መጫ ልጅ፤
ከዴዶ ዳገት በሚኒባስ ወርደው
ክዳኑ የጠበቀ ብልቃጥ ይዘው፣
እንደ ማር ናሙና በመሐረብ ጋርደው።

«ክኒኑን ዋጥኩት» አሉ፣ «አንድም ቀን ሳይቀረኝ፣
ሽንቴ ብርቱካን መሰለ፤ ሳሉ መች ለቀቀኝ?»

ቀፎ ሰቃይ ናቸው።
ገተማ ሲያብብ ከዛፉ ጫፍ የሚውሉ፤
ዘንድሮ ትንፋሽ አጥሯቸው ከግማሹ ግንድ ተመለሱ፣
ገመዱን ለልጃቸው ለሙክታር አወረሱ።

ናሙናውን በስሱ መስታወት ላይ ቀባሁ፣
ቀዩን ቀለም አፍስሼ ከሥሩ በእሳት አሞቅሁ፤
ቀጥሎ አሲድ።
ሌላው ተህዋስ ቢሆን ያኔውኑ ይለቃል፣
እንደ ሂርማታ ርካሽ ሻሽ በአንድ እጥበት ይነጣል።
ይሄኛው ግን እንቢ።
ከአጉሊ መነጽሩ ሥር፣ በሰማያዊ ሜዳ ላይ፣
ቀይ ስንጥሮች፤
ክብሪት እንደተደፋ።

ሰም ነው ምሥጢሩ። ቆዳው ላይ የደረበው፣
ቀለም ከገባ ወዲያ መውጫውን የሚዘጋው።
ግን ሰም የለበሰ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ አይደለም፤
በቀይ ካባ ብቻ ጎሳ አይለይም።
አንዱ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚሄድ፣
ሌላው ከቦዬ ረግረግ፣ ከቧንቧ ዝገት የሚወለድ፤
ካባቸው አንድ ዓይነት፣
ስፌታቸው ለየቅል።

ዘራነው፤ በእንቁላል በተሠራ አረንጓዴ መደብ።
ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ፤ እኛ ስንጠብቅ፣
እሱ ሳይቸኩል ሲያብብ።
ጣሃ በየሳምንቱ ይደውላሉ።
«በቀለ?» ይላሉ፣ ስለ ቦሎቄ እንደሚጠይቅ ሰው።
«ገና ነው» እላለሁ።

ሲበቅል በሙቀት ገደልኩት፤ ሰሙን በፈሳሽ ገፈፍኩ፣
ነጭ ዱቄት ከተለበጠ ሳህን ግርጌ በነጠብጣብ አሰፈርኩ።
ፈሳሹ ሽቅብ ይወጣል ቅባቶቹን አዝሎ፤
ዱቄቱን የወደደ ከታች ይቀራል፣ ያልወደደ ይርቃል ቶሎ።
ነጥቦቹን ለማክሰል ሳህኑን ምድጃ ላይ ሳስቀምጥ
መብራት ሄደ።
ብርቄ ጄኔሬተሩን ሰደበችው፣
ናፍጣ ልትበደር ወጣች።

በጨለማው ውስጥ አባቴ ትዝ አለኝ፣ መሪጌታ ላእከ።
እኔ ከግድግዳው ጀርባ ጥጥ ስፈለቅቅ፣
ለተማሪዎቹ እንዲህ ሲል፦
«ሰሙን አቅልጠህ ጣለው፤ ወርቁ ከሥሩ ነው።»
አባ፣ ይቅር በለኝ።
ዛሬ ሰሙን አልጣልኩም፤ ሰሙን ነው ያነበብኩት፣
ከሥሩ ያለውን ሥጋ ነው የደፋሁት።

መብራት መጣ።
ሦስት እርከን ነበር የጠበቅኩት፣ የለመድነውን ደዌ ምልክት፤
መካከለኛው የለም።
ከታች፣ ማንም ባልጠራው ቦታ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ ተቀምጧል፤
ሌላ ነው። የአጎት ልጅ ነው።
ስድስት ወር ሙሉ በሰው ስም ተጠርቷል።

ጣሃ ሳህኑን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት።
«ሰም ነው ያልሽኝ?»
«አዎ፣ የነገረን ሰሙ ነው።»
«እኔም ሰፈፉን አይቼ ነው» አሉ፣
«ማሩ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ የምለየው፤
ነጋዴ ግን ይቀምስና ይሳሳታል።»
ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ። ሳሉ ጊዜ ወሰደ።
«ታዲያ ያን ሁሉ ወራት
የአጎቱን ልጅ ዕዳ ነው የከፈልኩት?»

መልስ አልነበረኝም።
አዲሱ መድኃኒት ዓመት ያልፈዋል፤
እንደሚያድናቸውም የማለላቸው የለም።

ፈርመው ወጡ፤ ሙክታር ከበር ተቀበላቸው።
እስክሪብቶው ላይ ከጣታቸው የቀረ ሰም አለ፣ ቢጫ፣ ስስ፤
ጣቴ ላይ ተጣበቀ።
አላጠብኩትም።